የቡልጋ አፈር፣ የከሰም ግድብ

«ከሰም ይችለዋል ወይ?» 2017 ዓ.ም. ገና ከመጥባቱ የተነሳ ጥያቄ ነው። በፈንታሌና በዶፋን ተራሮች መካከል መሬቱ ለወራት ሲናጥ ከረመ። መስከረም 26 ማታ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። ታኅሣሥ 26 ሌሊት መጠኑ 5.7 ገደማ፣ የካቲት 7 ደግሞ ወደ 6 የሚጠጋ መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ወሬው ግን ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው አንድ ግድብ ላይ፣ በአፋሩ የከሰም ግድብ ላይ ነበር።

ንዝረቱን ከላይ ሆኖ በሚሰማው ሰሜን ሸዋ ወሬው መልኩ ብዙ ነው። «ግድቡ ከፈረሰ ውሃው ወደ እኛ ይመጣል» የሚል አለ። «መሬቱን ያናወጠው ራሱ ግድቡ ነው» የሚል አለ። «ግድቡ እኮ ይህን ያህል ሬክተር እንዲችል ሆኖ ነው የተሠራው» ብሎ የሚያረጋጋም አልጠፋም። ሦስቱም ውስጥ የተምታታ ነገር ስላለ ለየብቻ ማየት ይሻላል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ብዙም የማይወራለት ሌላ ጉዳይ አለ። እሱ የሚጀምረው ከግድቡ ሳይሆን ከሰሜን ሸዋው የቡልጋ ተዳፋት ነው።

ግድቡ የት ነው? ውሃውስ ከየት ይመጣል?

የከሰም ወንዝ የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው። ከደጋው ተነስቶ በቡልጋና በምንጃር መካከል ገደሉን እየሰነጠቀ ይወርዳል። ኮረማሽ ያለችበት ወረዳ ስሙ ራሱ «ሀገረ ማርያምና ከሰም» ነው። ከዚያ ወንዙ ወደ አፋር ቆላ ይገባል፣ በመጨረሻም ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል።

ግድቡ ያለው በአፋር ክልል፣ ወንዙ ከተራራው ወጥቶ ሜዳ ሊይዝ ሲል ነው። ቁመቱ 90 ሜትር ያህል ነው። እስከ 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝና 20,000 ሄክታር እንዲያለማ ታስቦ ነው የተሠራው። አካፍለን ብናየው ለአንድ ሄክታር 25,000 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ሸንኮራ አገዳ ዓመቱን ሙሉ ጠጪ ስለሆነ ይህ የተጋነነ ስሌት አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስጋት በቀላሉ ይመለሳል። ምንጃርም በረኸትም ከግድቡ በላይ ናቸው፣ ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይሄድም። ግድቡ አንድ ነገር ቢሆን የሚጎዱት ከሥሩ ያሉት ናቸው፤ የዱለቻ፣ የአዋሽ ፈንታሌና ከዚያም ዝቅ ብሎ የአሚባራ ሰዎች። ለደገኛው የሚያሰጋው ንዝረቱ ራሱ ነው። ይህም አዲስ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለችው ማጀቴ ክፉኛ ፈርሳለች። አንኮበርም በ1842 እ.ኤ.አ. በመንቀጥቀጥ መጎዳቷ ተጽፎ ይገኛል።

በነገራችን ላይ፣ የጥናት ሰነዶች ላይ «ከሰም-ቀበና» የሚል ስም ያየ ሰው የአዲስ አበባው ቀበና እንዳይመስለው። ይሄኛው ቀበና ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ ገደል ወደ አፋር የሚወርድ ሌላ ወንዝ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጣርማ በር ላይ የሚዘንብ ዝናብ ሁለት ቤት አለው። በምዕራብ በኩል የወረደው በጀማ አድርጎ ወደ ዓባይ ይሄዳል። በምሥራቅ በኩል የወረደው ደግሞ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ነው። «ተፋሰስ» ማለት ውሃው ወደ አንድ ወንዝ የሚሰበሰብለት መሬት ሁሉ ነው። ሰሜን ሸዋ እንግዲህ ጀርባውን ለሕዳሴ፣ ፊቱን ለከሰም ሰጥቶ የተቀመጠ አገር ነው።

ከቆቃ እስከ ስኳር

የከሰም ታሪክ ከአዋሽ ታሪክ አይነጠልም። ከጣሊያን የጦር ካሳ በተገኘ ገንዘብ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ዋና ዓላማው መብራት ነበር። ነገር ግን የአዋሽን ክረምትና በጋ አቀራረበው፤ ክረምት የሚያብደውና በጋ የሚደርቀው ወንዝ ዓመቱን ሙሉ የሚታመን ሆነ። ለሰፋፊ እርሻ በሩ ተከፈተ። የወንጂ ስኳር በሆላንዶች ቀድሞ ተጀምሯል፣ በኋላ መተሐራ ተከተለ፣ ታች ተንዳሆ ላይ ደግሞ እንግሊዞች ጥጥ ዘሩ። ይህን ሁሉ የሚመራ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። ከሰም ወንዝ ዳርም አዋራ መልካ ላይ በመስኖ የሚለማ እርሻ ነበር።

እርሻው የያዘው መሬት ግን ባዶ አልነበረም። የአፋር ከብት በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ የሚወርድበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ነው። ከሰፊው የግጦሽ አገር ሲለካ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ድርቅ ሲመጣ መንጋው የሚተርፈው በዚያች ትንሽ መሬት ነው። በ1960ዎቹ ድርቅ አፋር ክፉኛ የተጎዳበት አንዱ ምክንያት ይኸው እንደነበር ብዙ አጥኚዎች ይስማማሉ። በ1967 መሬት ሲወረስ እርሻዎቹ የመንግሥት ሆኑ። ለአፋር አርብቶ አደር ግን አጥሩ እዚያው ነው።

በ1989 እ.ኤ.አ. ሃልክሮው የተባለው የእንግሊዝ አማካሪ ድርጅት ለአዋሽ ማስተር ፕላን አዘጋጀ። ከሰምም በዚያ ዘመን ሲጠና ከቆየ በኋላ፣ ግንባታው ከተንዳሆ ጋር ተያይዞ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሥራውን የያዘው የአገር ውስጡ የውሃ ሥራዎች ኮንስትራክሽን ድርጅት ነበር። ጊዜው ተራዘመ፣ ወጪውም ናረ። ቻይናዎች የሠሩት የስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። የታሰበው 20,000 ሄክታርም በአንድ ጊዜ አልለማም።

እዚህ ጋ አንድ ቃል ልብ ይሏል። በመስኖ ሰዎች አነጋገር «የሚለማ መሬት» ማለት ቦዩ የሚያዘው መሬት ነው። ካርታው ላይ አረንጓዴ የሚቀባው እሱ ነው፤ በጀቱም፣ ሠራተኛውም፣ የቦይ ጥገናውም ለእሱ ነው። ከግድቡ በላይ ያለው አገር ካርታው ላይ የሚታየው እንደ ውሃ ምንጭ ብቻ ነው። አፈሩ ግን ከውሃው ጋር ይመጣል።

«ስንት ሬክተር ይችላል?»

ጥያቄው የዋህ ነው፣ መልሱ ግን ቁጥር አይደለም። ሬክተር ወይም ዛሬ ባለሙያዎች «ማግኒቲዩድ» የሚሉት መለኪያ የሚናገረው መሬት ውስጥ የተለቀቀውን ጉልበት ነው። ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር ጉልበቱ ወደ 32 እጥፍ ያድጋል። ግድቡ የሚያውቀው ግን ይህን ጉልበት አይደለም፤ እግሩ ሥር የደረሰውን ንዝረት ነው። የቤተክርስቲያን ድምፅ ማጉያን እናስብ። የማጉያው አቅም አንድ ነው። አጥሩ ሥር ያለ ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ግን በግድ ይሰማዋል። መሐል ላይ ኮረብታ ካለ ደግሞ ሌላ ነው።

ግድብም እንዲሁ ነው። 6 የሆነ መንቀጥቀጥ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ ምንም ላያደርግ ይችላል፤ 5 የሆነው ከሥሩ ቢነሳ ሊያሳስብ ይችላል። ለዚህ ነው መሐንዲሶች ግድብን የሚነድፉት በሬክተር ሳይሆን መሬቱ በሚወዛወዝበት ፍጥነት ለውጥ፣ ማለትም በስበት ኃይል ድርሻ ተለክቶ። «ይህን ያህል ሬክተር ይችላል» የሚለው ማረጋጊያ ርቀቱን ካልተናገረ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው።

የግድቡ ዓይነትም ይለያያል። ከሰም የሙሌት ግድብ ነው፤ ድንጋይና አፈር እየተነባበረ፣ እየተጠቀጠቀ የተሠራ። እንዲህ ያለ ግድብ እንደ ኮንክሪት አይሰነጠቅም፣ ትንሽ ይቀመጣል እንጂ። በ2008 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ የዚፒንግፑ የድንጋይ ሙሌት ግድብ 8 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ ከቅርብ ሲመታው አናቱ ከግማሽ ሜትር በላይ ዝቅ አለ፣ ግን ቆመ። በተቃራኒው በ1971 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የታችኛው ሳን ፈርናንዶ ግድብ በ6.6 መንቀጥቀጥ በውሃው በኩል ያለው ጎኑ ተንዶ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ሁለቱም ሙሌት ናቸው። ልዩነቱ አጠቃጠቁ ላይ ነው፤ ሁለተኛው አፈሩ በውሃ ታጥቦ የተሞላ ልል ግድብ ነበር።

የሙሌት ግድብ አደጋ ብዙ ጊዜ በመንቀጥቀጡ ደቂቃ አይታይም። መሐሉ ላይ ውሃ የሚከለክለው የሸክላ አፈር ስንጥቅ ከያዘ፣ ውሃ በዚያች ስንጥቅ ሾልኮ አፈሩን ቀስ እያለ ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ግድብ ጠባቂው በየቀኑ የሚያየው ቀላል ነገር ነው፤ ከግድቡ ግርጌ የሚንጠባጠበውን ውሃ። ማንኛውም የሙሌት ግድብ ትንሽ ያፈስሳል፣ ይህ ጤና ነው። ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ ይቀጥላል። ከወትሮው በዝቶ ወይም ደፍርሶ ከመጣ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው። እኔን ከመግለጫ ሁሉ በላይ የሚያረጋጋኝ የዚያ ውሃ ልኬት በየሳምንቱ ለሕዝብ ቢነገር ነው።

ያናወጠው ግድቡ ነው?

ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ መንቀጥቀጥ ሊቀሰቅስ መቻሉ የታወቀ ነው። በሕንድ የኮይና ግድብ አካባቢ በ1967 እ.ኤ.አ. የደረሰው 6.3 መንቀጥቀጥ ዋናው ምሳሌ ነው። ስለዚህ ጠርጣሪዎቹ ከሜዳ ተነስተው አላወሩም።

የ2017ቱ ግን ሌላ ነው። የሳተላይት ራዳር መሬቱ ሲሰነጠቅና ሲነሳ አሳይቷል። የቀለጠ ድንጋይ፣ ማለትም ማግማ፣ ከጥልቅ ተነስቶ በስንጥቅ ወደ ጎን እየገፋ ሲሄድ የሚፈጥረው ምልክት ነው። ይህን እንደ ግድግዳ የቆመ ስንጥቅ «ዳይክ» ይሉታል። ከፈንታሌ ተነስቶ ወደ ዶፋን አቅንቷል። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በአፋር ዳባሁ እንዲህ ያለው ነገር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል፤ እዚያ ግድብ የሚባል ነገር የለም። ስምጥ ሸለቆው እየሰፋ ነው፣ መናወጡም የራሱ ነው።

ሐምሌ ላይ የሚሆነው

አሁን ወደማይወራው ጉዳይ እንምጣ።

በሐምሌ አጋማሽ ከከሰም ገደል በላይ ያለ አንድ የጤፍ ማሳ እንመልከት። አራት ወይም አምስት ጊዜ ታርሷል። ጤፍ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ አፈሩም እንደ ዱቄት መድቀቅ አለበት፤ ጓል ካለበት ቡቃያው አይወጣም። ስለዚህ አራሹ መሬቱን ደጋግሞ ያለሰልሳል። ዘሩ የሚወድቀው ደግሞ ዘግይቶ፣ ሐምሌ ሲገፋ ነው። እንግዲህ የዓመቱ ኃይለኛ ዝናብ የሚወርደው መሬቱ በጣም በላመበት፣ ምንም ቅጠል ባልሸፈነው ጊዜ ነው። በምንጃር ሜዳ ላይ ይህ ብዙ አያሳስብም፤ ውሃው ይተኛል። ጠርዙ ላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ ግን ውሃው ትልሙን ይዞ ይወርዳል። መጀመሪያ የጣት ስፋት ያላት መስመር፣ ከዚያ ቦይ፣ በሦስተኛው ዓመት በሬ የማይሻገረው ቦረቦር። የወንዙ መልክም ያን ጊዜ ይለወጣል፤ በጋ ላይ ጠጠሩ የሚታየው ከሰም ቡና ይመስላል።

ቁጥሩን እናስላው። ከአንድ ሄክታር፣ ማለትም ከአራት ጥማድ፣ አንድ ሚሊሜትር አፈር ብቻ ቢታጠብ 10 ሜትር ኩብ ነው። ሲኖትራክ ከግማሽ በላይ ይሞላል። በኢትዮጵያ ደጋ ስለ አፈር መሸርሸር ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው ግምት ደግሞ በታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን በሄክታር ነው፤ ከሦስት ሚሊሜትር በላይ ይሆናል። ለዚህ ግምት ልኬቱ የተሠራው በምርምር ጣቢያዎች ሲሆን፣ አንዱ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ሲና አቅራቢያ ያለው አንዲት ጥድ ነው። (የአንዲት ጥድ ውሃ ራሱ ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው፤ የአፈሩ ጠባይ ግን ገደሉን ስለተሻገረ አይቀየርም።) የታጠበው ሁሉ ወንዝ አይደርስም፣ ብዙው መንገድ ላይ ይቀራል። የደረሰው ግን ግድብ ካጋጠመው የሚሄድበት የለም።

የግድብ ነዳፊዎች ይህን ያውቃሉ። ለዚህ ብለው ከውሃ መውጫው በታች የሚቀር ቦታ ይተዋሉ፤ «ሙት መጠን» ይባላል። ደለሉ እዚያ ይተኛል፣ ከላይ ያለው «ንቁ መጠን» ለመስኖ ይሠራል ነው ሐሳቡ። ችግሩ ደለል ትእዛዝ አያከብርም። ወንዙ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ይሞታል። አሸዋውና ሻካራው እዚያው በር ላይ ይራገፋል፣ ማለትም በንቁው ቦታ ላይ። ደቃቁ ብቻ ነው እስከ ታች የሚዘልቀው። ስለዚህ ሙት መጠኑ ገና ሳይሞላ የመስኖው ውሃ መቀነስ ይጀምራል።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቆቃ ሲሠራ 1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይይዝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መቶ ሚሊዮኖች ሜትር ኩብ ደለል ውጧል። የጎንደሩ አንገረብ የመጠጥ ውሃ ግድብ ደግሞ በደለል ታንቆ ከተማውን ውሃ አስጠምቷል። ሁለቱንም የጎዳቸው መንቀጥቀጥ አይደለም።

እርከኑ ለማን ነው?

ተቃራኒ ሐሳቦች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን መልሱ ቀላል ነው ይላል። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ሕዝቡ ለተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ዘመቻ ይወጣል፣ እርከን ይሠራል፣ ችግኝ ይተክላል። በዚህ የተራቆተ ተራራ ያገገመባቸው ቦታዎች አሉ፣ መካድ አይቻልም።

ሌላው ወገን ሪፖርቱ ላይ የሚቆጠረው የተሠራው እርከን ኪሎ ሜትር ነው፣ በሦስተኛው ዓመት የቆመው አይደለም ይላል። አርሶ አደሩም የራሱ ቅሬታ አለው። እርከን መሬት ይበላል። ጠባብ ማሳ ላይ በሬ ማዞር ያስቸግራል። የድንጋዩ ክምር አይጥ ያራባል። አዝመራው ሲነሳ ደግሞ ልቅ ግጦሽ ይጀመርና ከብቱ ረግጦ ያፈርሰዋል። እነዚህ ሰበቦች አይደሉም፣ የማሳ ሒሳብ ናቸው።

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፣ ግን ለሌላ ምክንያት። የእርከኑ ዋና ተጠቃሚ ማን ነው? አፈሩ ለአራሹ እንደሚተርፍ እሙን ነው፤ ይህ ትርፍ ግን የሚታየው በዓመታት ነው። ወጪው፣ ማለትም ጉልበቱና የተነካው መሬት፣ ዛሬ ነው። ዛሬውኑ የሚጠቀመው ታች ያለው ግድብ ነው። በአዋሽ ተፋሰስ ሰፋፊ እርሻዎች ለረጅም ጊዜ ለውሃ ሲከፍሉ የኖሩት ለ1,000 ሜትር ኩብ 3 ብር ነበር። በዚህ ዋጋ ከሰም አፉ ድረስ ሞልቶ ውሃው በሙሉ ቢሸጥ 1.5 ሚሊዮን ብር ነው። ዛሬ ያ ገንዘብ አንድ ሲኖትራክ አይገዛም። ከዚህ ላይ ለቡልጋ እርከን የሚተርፍ ምን አለ?

«የላይኛው ይጠብቅ፣ የታችኛው ይክፈል» የሚለው ሐሳብ በወረቀት ያምራል። ታች ያለው የአፋር አርብቶ አደር ግን በተራው ይጠይቃል፤ ግጦሹን ለአገዳ የሰጠ ሰው ለደገኛው ደግሞ ለምን ይከፍላል? ልክ ነው። ከፋይ መሆን ያለበት ውሃውን ወደ ስኳር የሚቀይረው ድርጅት እንጂ ጎረቤቱ አይደለም።

ደገኛው ውሃ የሚፈልገው ለራሱም እንደሆነ መዘንጋት የለበትም። በምንጃር ሸንኮራ ብዙ ገበሬ የዝናብ ውሃ በጓሮ ጉድጓድ ያጠራቅማል። ጉድጓዱ ጂኦሜምብሬን በሚባል ወፍራም ፕላስቲክ ይለበጣል። በዚያ ውሃ የሽንኩርት ችግኝ ያፈላል፤ ክረምቱ ሲገባ ችግኙ ደርሶ ይጠብቀዋል፣ ወደ ማሳ ያዛውረዋል። ጉድጓዱ የሚይዘው ከሐይቁ አንጻር ኢምንት ነው። ነገር ግን ጎርፉን ጓሮው ላይ ያስቀራል፣ ጎርፉ የሚያጥበውን አፈርም እንዲሁ። ከዘመቻው እርከን ይልቅ ይህ ጉድጓድ ሳይፈርስ የሚቆየው ባለቤት ስላለው ይመስለኛል፤ በሽንኩርቱ ዋጋ የሚጠግነው ሰው አለ።

ጀልባና ገመድ

ደለሉ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ከባድ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። ሐይቁ ላይ በጀልባ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ወደ ታች ድምፅ በሚልክ መሣሪያ ጥልቀቱን መለካት ነው። መሣሪያው ከጠፋ ክብደት ያለው ገመድም ይሠራል፤ አድካሚ ቢሆንም። የተገኘው ካርታ ግድቡ ሳይሞላ በፊት ከተነሳው የሸለቆው ካርታ ጋር ይነጻጸራል። ልዩነቱ የገባው አፈር ነው። ልኬቱ በየአምስት ዓመቱ ቢደገም ደግሞ አፈሩ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑ ይታወቃል።

ከመንቀጥቀጡ በኋላ ይህ ሥራ ሁለት ጊዜ ያገለግላል። ገደሉ በንዝረት ሲላላ ናዳ ይበዛል፣ የሚቀጥለው ክረምት ጎርፍም ያንን ይዞ ይወርዳል። ለግድቡ ደኅንነት ሲባል ውሃው ዝቅ ተደርጎ ከተያዘም፣ ወንዙ በር ላይ ያራገፈው አሸዋ ከውሃ በላይ ወጥቶ በዓይን ይታያል። ለመለካት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ክረምቱ ሲገባ ተመልሶ ይሸፈናል።